ገጽ አርባ አንድ

የበሮቹ መመሪያ ገጽ አርባ አንድ ላይ እንዲህ ይላል፦ «መብራት ሲቋረጥ በሮቹ ሁሉ ይከፈታሉ።»

ቱሪያ በሻይ ብርጭቆ ሥር ያቀበለችው ብጣሽ ወረቀት ደግሞ፦ «መብራት ሲጠፋ ይዘጋሉ። ሐሙስ ተዘግቶብኝ ነበር።»

ከሁለቱ አንዱ ውሸት ነው።

ለስምንት ሰዓት አሥር ደቂቃ ይቀራል። የመልካ ጀብዱ ሰፈር ሙቀቱን ፈርቶ መስኮቱን ዘግቶ ተኝቷል። በነጋዴው በነጅሙዲን መጋዘን ውስጥ ስድስት ጠባቂዎች ጫታቸውን ታቅፈው ፍራሽ ላይ ተጋድመዋል። ከኋላቸው የምግብ ዘይት ስም የተጻፈባቸው ሣጥኖች ተደርድረዋል። ውስጣቸው ያለው ክላሽ ነው።

ብጣሿ ወረቀት የደረሰችውን ሰው እዚህ ኸባብ ይሉታል። ባለፈው ሳምንት የበሮቹን ሶፍትዌር ወደ አዲሱ ስሪት የቀየረው ቴክኒሻን እሱ ነው። በስለላ መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ግን ስሙ «ሰጎን» ነው። ትእዛዙ አጭር ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ ዋናውን የመብራት ብሬከር ያወርዳል፤ በሮቹ ይከፈታሉ፤ ውጪ የሚጠብቀው ኃይል ይገባል። መመሪያውን የሰጠው አለቃው ገብረወልድ ነው። ሲሰጠው አስጠንቅቆታል።

«የነጅሙዲንን ጸሐፊ እንዳታምን። ቱሪያ ሁለት ዓመት ሠርታልን አሁን ከድታናለች።»

ኸባብ ኮምፒውተሩ ፊት እንደተቀመጠ የመጸዳጃ ቤቱን በር ብቻ ከመብራት አላቀቀ። ከትልቁ በፊት በትንሹ መሞከር የሙያው ልማድ ነው።

ቀጭ።

ተዘጋ።

መመሪያውን ገለበጠ። ሽፋኑ ላይ የአዲሱ ስሪት ቁጥር አለ። ሽፋኑ ነጭ ነው፤ የውስጥ ገጾቹ ግን ዳር ዳራቸው ቢጫ ሆኗል። አንድ ሰው ለአሮጌው መመሪያ አዲስ ሽፋን አልብሶታል።

ገብረወልድ።

ውጪ የሚጠብቅ ኃይል የለም።

«ወሪያ፣ ሽንት ቤቱን ምን አደረግከው?»

የጠባቂዎቹ አለቃ ዋርፋ ነው። ጉንጩ በጫት አብጧል። ቀኝ እጁ ጀርባው ላይ ነው።

«ኔትወርክ ነው። ይመለሳል።»

«አንተስ ትመለሳለህ? አለቃህ ደውሎልናል አቦ። በሩ እስኪዘጋበት ጠብቁት ነው ያለው። እኔ ደግሞ መጠበቅ አልወድም።»

ጩቤው መጣ። ኸባብ በግራ መዳፉ ተቀበለው። ስለቱ በሌላው በኩል ወጣ። በቀኙ ካቻቢቴውን ከጠረጴዛው አንስቶ የዋርፋ አንገት ሥር ሰካው። ያልተዋጠ ጫት ከደም ጋር በዋርፋ ደረት ላይ ፈሰሰ። ሰውየው ተንበርክኮ ወደቀ።

ፍራሹ ላይ የነበሩት ተነሱ።

ኸባብ ወደ ዋናው በር ሮጠ። ቱሪያ በሩን ከፍታ ከአጠገቡ፣ ብሬከሩ ሥር ቆማለች። ነጅሙዲን ሽጉጥ ይዞ ከቢሮው ወጣ። ሁለቴ ተኮሰ። አንዱ ሣጥን መታ።

ሌላው የቱሪያን ሆድ።

ግድግዳው ላይ ተንሸራተተች፤ ግን አልወደቀችም። እጇ ብሬከሩን ያዘ።

«ወረቀት ታምናለህ፣ ሰው አታምንም» አለችው። «ውጣ።»

«አብረን ነው የምንወጣው።»

«መራመድ አልችልም። ይህን ማውረድ ግን እችላለሁ። ውጣ አቦ።»

ወጣ።

አወረደችው።

የብረት በሩ በራሱ ክብደት ወርዶ ተቆለፈ። ከውስጥ አንድ ተኩስ ተሰማ። ከዚያ ብረቱን የሚደበድቡ እጆች።

ኸባብ የሚደማ እጁን በሸሚዙ ጠቅልሎ፣ ደንቡን ጥሶ፣ ከገብረወልድ በላይ ላለችው ለሶፊ ደወለ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ እውነተኛው ኃይል ደረሰ። በሩን በመቁረጫ ቆርጠው ገቡ። ነጅሙዲን እጁን አነሳ። መሣሪያው ሁሉ ተያዘ። የቱሪያ ጣቶች ብሬከሩን እንደያዙ ደርቀው ነበር።

አመሻሽ ላይ ሳቢያን ሰፈር ጥግ በቆመች ባጃጅ ውስጥ ሶፊ አጠገቡ ተቀመጠች። የግራ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል። «ኸባብ» የሚለውን መታወቂያ በጥርሱ ይዞ ለሁለት ቀደደው። መመሪያውንና ብጣሿን ወረቀት ሰጣት።

«ገብረወልድ ተይዟል» አለች። «ቱሪያ ከሃዲ ናት የሚል ሪፖርት ግን ጠዋት አስገብቷል። ሪፖርቱን እንሰርዘዋለን። የዛሬው ሥራ በአንተ ስም ይመዘገባል። ማዕረግ ያሰጥሃል።»

እሱ ከባጃጇ ለመውረድ አንድ እግሩን አስቀደመ።

«በሩን የዘጋችው እሷ ናት። በቱሪያ ስም መዝግቡት። እኔ እዚያ አልነበርኩም።»