የኮሶሪ ባለቤት

የግጥም መምህሩ ኡጂኬ በጠዋት በእንግዳ ማረፊያው ክፍላቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ። ማጅራታቸው የተመታበት የቀለም መበጥበጫ ድንጋይ አጠገባቸው ወድቋል፤ ከማስታወሻቸው አንድ ገጽ ተቀዷል። የበረዶ ናዳ መንገዱን ከዘጋ ሦስተኛ ቀኑ ስለሆነ ገዳዩ ከእንግዳ ማረፊያው አልወጣም። የማረፊያው ባለቤት ኢማኒሺ ማለዳ ለመምህሩ ሻይ ያስገባችላቸውን አሮጊት ምግብ አብሳይ፣ ሃቱን፣ ሩዝ ማከማቻ ውስጥ ቆለፈባት። ድሃ እያለ ወንጀለኛ መፈለግ ምን ያደርጋል!

ጡረተኛዋ መርማሪ ወይዘሮ ቶሜ የመምህሩ የግጥም ማኅበር አባል ናቸው። ከተቆለፈው በር ሥር ተቀመጡ።

«ሃቱ፣ ምን ተነጋገራችሁ?»

«ከዝግባው ቅርንጫፍ ሹልክ ብሎ የሚወድቀውን በረዶ በእናንተ አገር ምን ትሉታላችሁ አሉኝ። ‹ኮሶሪ› አልኳቸው። ቃሏን እንደ ከረሜላ እያላመጡ ሳቁ፤ ጻፏትም። ከዚያ ወጣሁ። እትዬ፣ ቀትር ላይ መንገዱ ሲከፈት ፖሊስ ይወስደኛል አይደል? እዚህ ትንፋሽ አጠረኝ።»

«ለሌላ ሰው ነግረሻል?»

«ለማን? መንደራችንን ግድብ ከዋጠው አርባ ዓመቱ። ከእናቴ ወዲያ ቃሏን ያነሣም የለ።»

ቶሜ ተነሥተው ሌሎቹን ጠየቁ። የሟቹ ሚስት ኖሪዬ ፍል ውሃ ውስጥ እንደነበረች ተናገረች። በማኅበሩ የመምህሩ ምክትል ሱኬጋዋ ግን፣ «ተኝቼ ነበር፤ ከትናንት ወዲህ አላየኋቸውም» አለ።

«እንግዲያው ለመምህራችን መታሰቢያ የዛሬውን የግጥም ጉባኤ እናድርግ» አሉ ቶሜ።

ደንቡ የታወቀ ነው። ሁሉም ስለ በረዶ ስም የለሽ ግጥም ይጽፋል፤ ወረቀቶቹ ተደባልቀው አንዱ የሌላውን ይገለብጣል፤ የእጅ ጽሑፍ ማንንም አያጋልጥም። የተመረጠው ግጥም ባለቤት ግን ስሙን ጮክ ብሎ ይጠራል።

ቶሜ አነበቡ፦

«ሁላችን ታግተን
ከዝግባው ጫፍ ኮሶሪ
ብቻውን አመለጠ።»

ኢማኒሺ ጭኑን መታ። «አቤት ቃል! እኔ ይህን መረጥኩ!» ኖሪዬም፣ ቶሜም መረጡት።

«ሱኬጋዋ!» አለ ምክትሉ ደረቱን ነፍቶ።

«ቃሉን ከየት አገኘኸው?» አሉ ቶሜ።

«ከአንድ የድሮ መጽሐፍ።»

«ውሸት! መጽሐፍ አያውቀውም። የሃቱ እናት መንደር ቃል ነው፤ ሃቱም ዛሬ ማለዳ ለመምህሩ ብቻ ነገረቻቸው። እሷ ስትወጣ አንተ ገባህ፤ እሳቸውም በደስታቸው ነገሩህ። ‹አላየኋቸውም› አልከን። ገጹን የቀደድከውም ቃሉን የራስህ ለማድረግ ነው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ ለገጣሚ ግን ጭብጨባ ይበቃዋል።»

ሱኬጋዋ በመስኮቱ የተቆለለውን በረዶ አየ፤ መውጫ የለም።

«ቃሉን ነገሩኝና» አለ፣ «‹ማኅበሩን ግን ላንተ አልተውም፤ አንተ የሰው ቃል ትሰርቃለህ› አሉኝ።»

ኖሪዬ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ኢማኒሺ ሮጦ ማከማቻውን ከፈተና ለይቅርታ ግንባሩን ወለሉ ላይ ደፋ። ሃቱ ግድግዳውን ተደግፋ ወጣች።

«ተነሥ» አለችው፤ «ስትቆልፍብኝ አንገትህን አልደፋህም።»