ግማሽ ጭልፋ ፓስታ

የሰጠችኝን ፓስታ በጋዜጣ ጠቅልዬ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ስከት ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ጭልፋዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። ዞር ብላ ወደ ምድጃዋ ተመለሰች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እኔ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነኝ፤ መሪ ከጨበጥኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ቀስ ብዬ ስለምነዳ ባልደረቦቼ «ጋሽ ቀስታ» ይሉኛል። እሷ ደግሞ የመሥሪያ ቤታችን ክበብ ምግብ አብሳይ ናት፤ በየቀኑ ለሁለት መቶ ሰው ታበስላለች። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ምሳዬን የምበላው ከእሷ እጅ ነው። ለሌላው አንድ ጭልፋ፣ ለእኔ ሦስት። ሌሎቹ ሲያጉረመርሙ እሱን ቤት የሚጠብቀው የለም ትላቸዋለች። እኔም ያንን ክምር ፓስታ ስበላ ስበላ ወደድኳት። በዚህ ዕድሜ ፍቅር በሆድ በኩል ነው መሰለኝ የሚገባው።

ከዚያ የዓመቱ የጤና ምርመራ ደረሰና ስኳር አለብህ ተባልኩ። በሦስት ወር ካልወረደ ሐኪሟ የመንጃ ፈቃዴን የጤና ወረቀት እንደማትፈርምልኝ ቁርጡን ነገረችኝ። ሌላ ሙያ የለኝም፤ የእንጀራ ገመዴ ያ መሪ ነው። የክሊኒኩ ነርስ ዳቦ፣ ሩዝና ፓስታ ቀንስ አለችኝ እንጂ ጨርሰህ ተው አላለችኝም። እኔ ግን ስለፈራሁ ጭራሽ ተውኩት። ለእሷ መናገር ደግሞ አቃተኝ። የምትሰጪኝን አልበላም ማለት አንቺን አልፈልግም ማለት መሰለኝ።

በሩ ላይ ካየችኝ በኋላ ሳህኔን ረዳቷ ትሞላልኝ ጀመር። እሷ ፊቷን ወደ ምድጃው ታዞራለች። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት... ቅጠል ብቻ እየበላሁ ከፌርማታ ፌርማታ ስዞር ሰነበትኩ። ከረሃቡ ይልቅ ያደከመኝ የእሷ ዝምታ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት የምሳ ሰልፍ ላይ እንደቆምኩ ዓይኔ ጨለመብኝ። ስነቃ ወለሉ ላይ ተጋድሜያለሁ፤ ራሴን ጉልበቷ ላይ አስደግፋዋለች። ስኳሩንም፣ መንጃ ፈቃዱንም፣ ጋዜጣውንም ሁሉንም ዘረገፍኩላት።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም?» አለችኝ። «እኔ እኮ እጄን የጠላኸው መስሎኝ... ምን አበላሸሁ እያልኩ ስብሰለሰል ከረምኩ።»

«እንዳላጣሽ ብዬ ነው።»

«አሁንስ ልታጣኝ አልነበር?»

የዚያኑ ዕለት ክንዴን ይዛ ነርሷ ዘንድ ወሰደችኝ። ነርሷም ቅጠል ብቻ በልቶ መሪ መያዝ እብደት ነው ብላ ተቆጣችኝ። ከማግስቱ ጀምሮ ሳህኔ ተመልሶ በአብሳይዋ እጅ ገባ። ግማሹ ጎመንና ሰላጣ፣ አጠገቡ ምስር ወይ እንቁላል፣ ጥጉ ላይ ግማሽ ጭልፋ ፓስታ። ጎመኑን ሳልጨርስ ፓስታውን ከነካሁ ከሩቅ ታፈጥብኛለች። ዳቦ ቅዳሜ ብቻ፣ እሱም አንድ ቁራሽ። መጀመሪያ ሰሞን ያቺ ግማሽ ጭልፋ የጥርሴን ቀዳዳ እንኳ አትሞላም ነበር። በኋላ ቀስ ብዬ ማኘክ ለመድኩ፤ ስሜስ ቀስታ አይደል።

ሦስት ወሩ ሞላ። ስኳሬ ወረደ፣ ሐኪሟም ፈረመችልኝ። ወረቀቱን ይዤ በቀጥታ ወደ ክበቡ ሄድኩ። የምሳ ሰዓት አልፎ አዳራሹ ባዶ ነው፤ ያበጡ እግሮቿን ወንበር ላይ ሰቅላ ተቀምጣለች። ወረቀቱን አንብባ በሽርጧ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ድካሟን ያን ጊዜ ነው በደንብ ያየሁት።

«አንቺስ ምሳ በላሽ?» አልኳት።

«ስቀምስ እውል የለ፤ ማን ይርበዋል።»

«ሰው ካበሰለልሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ?»

ብዙ አሰበች። «እናቴ በሕይወት እያለች...» አለች።

አንጀቴን በላችው። በልቤ ስንት ወር የተሸከምኩት ነገር ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

«አግቢኝ። አብስይልኝ ብዬ አይደለም። ቤት ስትገቢ አንቺ ተቀመጪ፣ እኔ አበስላለሁ።»

«ምን ታውቅና?»

«እንቁላል።»

ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ። እሺም እምቢም አላለችኝም። እሑድ ምሳ ልጋብዝሽ ብላት ግን በእሺታ አንገቷን ነቀነቀች።

እሑድ ቀትር ላይ መጣች። እንቁላሉ አረረብኝ፣ ጎመኑም በደንብ አልበሰለም። ላግዝህ ብላ ልትነሳ ስትል ትከሻዋን ይዤ አስቀመጥኳት። ጫማዋን አውልቃ፣ አንዴ ሳትነሳ፣ ቀስ እያለች በላች። እኔ ከምድጃው አጠገብ ቆሜ እንደ ተፈታኝ ተማሪ እጠብቃለሁ። ስትጨርስ ሳህኗን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

«ጨምርልኝ እንጂ» አለች፤ «የሚስትህ ሳህን ባዶውን ይቀመጣል?»