የተቆለፈው ጠበል

ሐምሌ ፳፬ ቀን ፲፱፻፴ ዓመተ ምሕረት፣ ከሮብ ገበያ በላይ በጮቄ ተዳፋት ላይ ጉም ተኝቶ ነበር፤ ቤቱም፣ ዛፉም፣ ሰውም እንደ ሕልም ብቅ እያለ መልሶ ይጠፋ ነበር። ዘጠኝ ቀን ሳያባራ የዘነበው ዝናብ በዋዜማው ተራራውን ንዶ መንደሩ የሚቀዳበትን ምንጭ ቀብሮታል፤ ወንዙም ጭቃና የከብት ሬሳ ይዞ ይወርዳል። የቀረው ጥሩ ውሃ አንድ ብቻ ነበር፤ በቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ በቀርቀሃ አጥር የተከለለው ጠበል።

የደብሩ አለቃ በጣሊያን ሹም ተጠርተው ደብረ ማርቆስ ከሄዱ ወዲህ የጠበሉ ቁልፍ በእማሆይ ወለተ ሐዋርያት እጅ ነበረ። እማሆይም እንስራ ተሸክሞ የመጣውን ሁሉ «ጠበል ለወጥና ለሊጥ አይቀዳም፤ አለቃው ይምጡና ይፍቀዱ» እያሉ መለሱት። ሕጉስ እውነት ነው፤ ምክንያታቸው ግን ሌላ ነበር። ከአጥሩ ውስጥ ባለችው የጠበልተኛ ጎጆ አርበኛው ልጃቸው ግራዝማች አንሙት ጭኑን በጥይት ተመቶ ተኝቷል፤ በሩ ከተከፈተ ወሬው ከባንዳ ጆሮ ይደርሳል፤ አንድያ ልጃቸውም ይሰቀላል።

በማግስቱ የጨው ነጋዴው ሚስት ቀድሪያ መጣች። የሰባት ዓመት ልጇ ሸምሲያ የወንዙን ውሃ ጠጥታ ተቅማጥና ትውከት ይዟታልና አንዲት ቅል ውሃ ለመነች። እማሆይ በሩን ገርበብ አድርገው አዩዋት፤ ለአንዷ ቢሰጡ መንደሩ ሁሉ ይከተላል ብለው ግን ፈሩ። መልሰውም ቆለፉት።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ከነጋዴዎቹ ሰፈር ለቅሶ ተሰማ፤ ጉሙ ስላፈነው ከሩቅ ዘመን የሚመጣ ድምፅ ይመስል ነበር። አንሙት ማን እንደ ሞተ ጠየቀ፤ እናቱም የሞተችው ሸምሲያ መሆኗን፣ እናቷም ውሃ ለምና ባዶ እጇን መመለሷን አልደበቁትም። ክንዱን ተደግፎ ቀና አለ።

«እማሆይ፣ እኔ የቆሰልሁት ለዚህ መንደር ሰው ነው፤ ይክፈቱት» አላቸው።

ከፈቱት። አርባ አባወራ ጎረፈ፤ እያንዳንዱም ጭቃ የነካውን እንስራ ስለነከረበት ውሃው በአንድ ሰዓት ደፈረሰ። አንሙት መቆም ስላልቻለ ተቀምጦ ቀርቀሃ አስቆረጠ፤ አንጓውንም እየበሳ አሸንዳ ሠራ፤ ከዚያ በኋላ ውሃው ራሱ ወደ እንስራው ፈሰሰ እንጂ እጅም ዕቃም አልነካውም። መንደሩ ሁሉ ቁስለኛውን አየ፤ ስሙን ግን ማንም አልጠራም።

ቀድሪያም ለቀሩት ሁለት ልጆቿ ልትቀዳ መጣች። እማሆይ ከእግሯ ሥር ወደቁ፤ እርሷ ግን ደግፋ አነሣቻቸው።

«ያን ዕለት በበሩ ክፍተት የተሰጣ የቁስል ጨርቅ አይቻለሁ» አለቻቸው። «ሰው እንደ ደበቁ ዐውቄ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም፣ ልጄ?»

«ይመኑኝ ብዬ እንዴት ልለምን? ውሃውን እንኳ ለምኜ አላገኘሁ።»

አንሙት በጨው ነጋዴው በቅሎ ተጭኖ ወደ ጫካ በሸሸ በሦስተኛው ቀን የጣሊያን ጦር በባንዳ እየተመራ ደረሰ፤ ጎጆውንም ጎተራውንም በረበረ። አዛዡ በአስተርጓሚ ከጠበሉ ደጅ የጠየቀው ቀድሪያን ነበር፤ እርሷም ከውሃ በቀር ያየሁት የለም ብላ እንስራዋን ተሸክማ ሄደች።

እማሆይ ከነጻነት በኋላም ብዙ ዓመት ኖሩ። በሩን ዳግመኛ አልቆለፉትም፤ አሸንዳውን በየክረምቱ በአዲስ ቀርቀሃ ያስለውጡ ነበር። ጉም በወረደ ቁጥር አንዲት ሕፃን ቅል ይዛ ከደጅ የቆመች ይመስላቸውና ወጥተው ያያሉ። ለጠየቃቸው ሁሉ ነገሩን ሳይሸፋፍኑ ይናገሩ ነበር፤ ሰው አላመንሁም፣ ስላላመንሁም ልጅ በውሃ ጥም ሞተችብኝ ይሉ ነበር።

የአንሙት ስም ከአርበኞች መዝገብ ገብቷል። የሸምሲያ ግን ከየትም አልተጻፈም፤ አርባ አባወራ ዝም ያለበትም ቀን እንዲሁ። የጦሩ አዛዥ ስለዚያ መንደር በመዝገቡ ያሰፈረው አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ ተፈተሸ፤ ምንም አልተገኘም።