የመካኒኳ መመሪያ

«መካኒኳ! ኧረ ድረሺልን፣ ደግሞ ስታክ አደረገ!»

ልጅቷ ምሳዋን ጥላ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሮጠች። ስም በማውጣት ተማሪን ማን ይችለዋል! አዲሱን የመጻሕፍት መመዝገቢያ ሲስተም ከኮምፒውተር አስተማሪዋ ጋር ስለሠራች «መካኒኳ» አሏት፤ በዚያው ቀረ። አንድ መጽሐፍ ከተመዘገበ በኋላ «ጨርስ» የሚለው ቁልፍ ካልተነካ ሲስተሙ ቀጣዩን ተማሪ አይቀበልም፤ ድርቅ ይላል። ነካችው፤ ሰልፉ ተንቀሳቀሰ።

«አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር!» አለቻት አንዷ የክፍሏ ልጅ፤ ወዲያው ከጓደኞቿ ጋር እየተሳሳቀች ወጣች። መካኒኳም ብቻዋን ወደ ቀዘቀዘው ምሳዋ ተመለሰች።

እዚህ ትምህርት ቤት ከገባች ወዲህ ሰው የሚፈልጋት ያ ማሽን ሲደርቅ ብቻ ነው። የአጠቃቀም መመሪያውን ጻፊ ስትባል አከፋፈቱንም አፈላለጉንም አሳምራ ጻፈች። ስለ «ጨርስ» ግን ትንፍሽ አላለችም። እሱን ካወቁ ማን ይጠራታል? ብቸኝነቱ ከብዷት ነበር።

«የኔ ልጅ፣ መመሪያሽን ነገ አሳትሜ እለጥፈዋለሁ» አሏት የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ከሰዓት በኋላ። «የምታስተካክይው ካለ ዛሬውኑ ላኪልኝ።»

«እሺ፣ እትዬ።»

ኮምፒውተሩ ጋ መጻሕፍት የምትመዘግበው ተረኛ ተማሪ ተቀምጣለች፤ ከሌላ ክፍል የመጣች ዝምተኛ ልጅ ናት። የመመሪያውን ረቂቅ ይዛለች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ትናንት አንቺ የቀረሽ ጊዜ ሰልፉ ሁሉ ጮኸብኝ። ‹ማንበብ አትችይም እንዴ?› አሉኝ። ይኸው ደጋግሜ አነበብኩት፤ ምኑ እንዳልገባኝ እንጃ። ተረኝነቱን ልተወው ነው። እኔ ደደብ ሳልሆን አልቀርም።»

የመካኒኳ ፊት በእፍረት ጋለ። ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠችና ረቂቁን ስክሪኑ ላይ ከፍታ ጻፈች፦ «መጽሐፉን ከመዘገባችሁ በኋላ ‹ጨርስ› የሚለውን ንኩ።»

ልጅቷ አነበበችው። «ይኼ እኮ አልነበረም! ረስተሽው ነው አይደል?»

አዎ ብትል ያልቅ ነበር። ልጅቷም ስቃ ታልፈው ነበር።

«አልረሳሁትም» አለች መካኒኳ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። «እንድትጠሩኝ ብዬ ነው የተውኩት።»

ልጅቷ የያዘችውን ረቂቅ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አየቻት። መካኒኳ ከወንበሩ አልተነሳችም። ፋይሉን ለእትዬ ላከችው።