ከስሙ ቀጥሎ የነበረው

አምሳል ክንዱ የፍየል ቆዳ ዳሥሣ ፍየሏ በክረምት ታረደች ወይስ በበጋ ብላ የምትለይ ሴት ነበረች። አባቷ አያ ክንዱ ጎንደር ውስጥ የታወቁ ብራና ፋቂ ናቸው። እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ግን ቆዳውን በእንጨት ላይ የምትወጥረው፣ ጠጉሩን የምትፍቀው፣ በድንጋይ አሽታ የምታለሰልሰው እሷ ናት። ካህናቱ ይህን እያወቁ እንዳላወቁ ሆነው ብራናውን ይወስዳሉ። ሥራዋን የሚፈልግ እንጂ እሷን የሚፈልግ አልነበረም።

በአሥራ ሁለት ዓመቷ ማክሰኝት ተድራ፣ በአሥራ ስድስቷ «አልወለደችም» ተብላ ወደ አባቷ ቤት ተመልሳለች። ከዚያ በኋላ ለሰፈሩ ሰው «የክንዱ ፈት» ሆና ቀረች። ቀኑን ከቆዳ ጋር ትውላለች፤ ሲመሽ ከአባቷ ጋር ሁለት ሦስት ቃል ተነጋግራ ትተኛለች። አንዳንድ ቀን የራሷን ድምፅ ሰምታ ትደነግጥ ነበር።

ጣሊያን በወጣ በሰባተኛው ዓመት፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ያለች አንዲት የገጠር ደብር በጦርነቱ የተቃጠለባትን ወንጌል ልታስጽፍ ተነሣች። ብራናው አያ ክንዱ ዘንድ ታዘዘ። የሚገለበጠው ጥንታዊ ወንጌል ከአንድ ሩቅ ገዳም በአደራ መጥቶ እዚያው ቤት በሣጥን ተቀመጠ። ጸሐፊው ደግሞ ሐዲስ የሚባል የዛሪማ ሰው፣ የሃያ አራት ዓመት ዲያቆን ነበር። ግቢው ውስጥ ካለችው የወይራ ጥላ ሥር ቁርበት አንጥፎ ሥራውን ጀመረ።

በመጀመሪያው ቀን አንድ ቅጠል ብራና ይዞ ተነሣ።

«አያ ክንዱ፣ ይቺ አንድ ወገኗ ሻከረብኝ» አለ።

አያ ክንዱ ቤት ውስጥ ተኝተዋል። መልሱ የመጣው ከተወጠረው ቆዳ ጀርባ ነው።

«የጠጉሩን ወገን ይዘህ እኮ ነው። ገልብጠው።»

ሐዲስ ዞሮ አያት። ክንዷ እስከ ክርኗ በኖራ ነጥቷል።

«ብራና ፋቂው አንቺ ነሽ እንዴ?»

«ጸሐፊው አንተ ነህ እንዴ? እኔስ ባለ ሽበት ነበር የጠበቅሁ።»

ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ከሳቀች ስንት ጊዜዋ እንደሆነ ግን አላስታወሰችም።

ሥራው ሁለት ክረምት ፈጀ። እሷ ትፍቃለች፣ እሱ ይጽፋል። ቀለሙ እስኪደርቅ ድረስ ስለዚያ ስለ አሮጌው ወንጌል ያወራላታል። የተጻፈው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ነው። በግራኝ ጊዜ አንድ መነኩሴ በማኅደሩ አንግቶት ገደል ወርዶ፣ ዋሻ ውስጥ ሰባት ዓመት አብሮት ኖሯል። ደርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል በእህል ጉድጓድ ተቀብሮ ነበር፤ ጣሊያን ሲመጣ ደግሞ ጭድ ውስጥ። ዳር ዳሩን የበላው እሳት የትኛው እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም።

«ከጻፈው ሰውስ ምን ቀረ?» አለችው አንድ ቀን።

የመጨረሻውን ገጽ ገለጠላት። አምሳል ዳዊት ስለደገመች ፊደሉን ለማንበብ አልተቸገረችም፦ «ኦ አኀውየ፣ ኢትርስዑኒ በጸሎትክሙ።»

«ወንድሞቼ ሆይ፣ በጸሎታችሁ አትርሱኝ ነው የሚል» አላት ሐዲስ።

«ስሙስ?»

«አልጻፈውም።»

«ምነው! አትርሱኝ ብሎ ስሙን ሳይነግራቸው? በምን ብለው ይጥሩት?»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። አምስት መቶ ዓመት ሙሉ ያ ሰው ሲለምን ኖሮ ስሙን ጠርቶ ያሰበው የለም። ሐዲስ ለዚያ ጸሐፊ ብቻ እንዳላለቀሰች ገባው። መጽሐፉን ከደነና፦

«እኔ ስሜን እጽፋለሁ» አለ። «ካህን የሚጠራውን፣ የክርስትና ስሜን፣ ገብረ መድኅን ብዬ። ያንቺስ ማነው?»

የክርስትና ስም ለንስሐ አባት እንጂ ለማንም አይነገርም። አምሳል ከእናቷ ሞት ወዲህ ከማንም አፍ ሰምታው አታውቅም። ወደ ቤቱ በር ተመለከተች፤ ከዚያ ወደ እሱ።

«ወለተ ሰንበት» አለችው።

ከዚያ ቀን በኋላ ሁለቱም ነገሩ ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር። ዲያቆን ፈት ካገባ ክህነቱ ይፈርሳል፤ ቅስና የሚባል ነገር ያበቃለታል። ይህን ጎንደር ውስጥ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል።

«ይፍረስ» አለ ሐዲስ። «ብዕሬን የሚወስድብኝ የለም። ጽፌ አኖርሻለሁ።»

«አስበህበታል?»

«ሁለት ክረምት ሙሉ። ለእናቴም መልእክት ልኬላቸዋለሁ።»

አምሳል እሺ አላለችም፤ እምቢም አላለችም። በዚያ ሳምንት ግን ጠጉሯን አዲስ ሹሩባ ተሠራች።

ጽሕፈቱ ባለቀ ማግሥት ሐዲስ አሮጌውን ወንጌል ለገዳሙ ሊመልስ ከሁለት ካህናት ጋር ተነሣ። መምህር ወልደ ዮሐንስ፣ የሥራው የበላይ ጠባቂ፣ እሑድ አዲሱን መጽሐፍ መርምረው ሊረከቡ ነው። ለአምሳል የቀራት የመጨረሻውን ጥራዝ ከሌላው ጋር መስፋት ብቻ ነበር።

«ስትሰፊው የመጨረሻውን ቅጠል እዪው» አላት እየሣቀ። «ከመምህር ፊት አንገቴን ቀና አድርጌ ነው የምነግራቸው።»

አየችው። በአንድ ወገኑ የዮሐንስ ወንጌል ያልቃል። በጀርባው በቀይና በጥቁር ቀለም የጸሐፊው ጸሎት አለ፦ «ተዘከሮ እግዚኦ ለገብርከ ገብረ መድኅን ምስለ ብእሲቱ ወለተ ሰንበት።» ከሚስቱ ከወለተ ሰንበት ጋር። ገና ሳያገባት ሚስቴ ብሎ በወንጌል ላይ ጽፏታል። እዚያው ቁርበቱ ላይ ተቀመጠች። መስመሩን ደጋግማ አነበበችው።

ሐዲስ በሄደ በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ቆብ የደፉ፣ ቀጭን መነኩሲት በሩን አንኳኩ። ከዛሪማ በጭነት መኪና ነው የመጡት፤ አቧራው ቅንድባቸው ላይ ነበር።

«እማሆይ እናኑ እባላለሁ» አሉ። «የሐዲስ እናት ነኝ።»

አምሳል እግራቸውን አጠበች። እህል አቀረበችላቸው፤ አልነኩትም። ለጠብ እንደመጡ ገምታ ነበር። እሳቸው ግን ረጋ ብለው ፊቷን አዩት።

«ሸጋ ልጅ ነሽ» አሉ። «ልሰድብሽ አይደለም የመጣሁ። ሳትሰሚ እንዳትቀሪ ብዬ ነው።»

«ምኑን እማሆይ?»

«ሦስት ወንዶች ወለድሁ። ሁለቱን ጣሊያን አንድ ቀን ገደለብኝ። ቄሳችንም ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር ነዷል፤ ስለዚህ ያለ ፍትሐት፣ እንደ ከብት አፈር አለበስናቸው። የዚያን ጊዜ ሐዲስን ተሳልሁ፤ ቄስ ሆኖ፣ በገዛ አፉ ወንድሞቹን እንዲፈታልኝ። ሌላ ቄስ ፈትቷቸው አይደለም ወይ ትይኝ ይሆናል። ፈትቷል። እኔ ግን የተሳልሁት እሱን ነው። ሌሊት ሌሊት የሞቱት ልጆቼ የሚጠይቁኝ እሱን ነው።»

አምሳል ያልተነካውን እህል ወደ ጎን አደረገች።

«እሱ እምቢ ብሏል፤ አልፈርድበትም» አሉ እማሆይ። «ስሙ መጽሐፉ ላይ አለ ብሎኛል፤ እስቲ አሳይኝ። እኔ ማንበብ አልችልም።»

አምሳል ጥራዙን አመጣች። ጣቷን ከቃሉ ሥር እያስኬደች ቀስ ብላ አነበበች፦ «ተዘከሮ እግዚኦ ለገብርከ ገብረ መድኅን።» ጣቷ እዚያ ቆመ።

«አገልጋይህን ገብረ መድኅንን አስበው ማለት ነው» አለች።

«ብቻውን ነው የተጻፈው?»

«ብቻውን ነው እማሆይ።»

አሮጊቷ ጎንበስ ብለው ስሙን ተሳለሙ። ቀና ሲሉ ጥቂት አዩዋት፤ ከዚያ «እግዚአብሔር ይስጥሽ» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

ከሄዱ በኋላ አምሳል ትንሿን ካራ ሳለች። መፋቅ እንደሆነ ሥራዋ ነው። ብራና ላይ የተሳሳተን ቃል ላዩን ብቻ ፍቃ ሌላ ማስጻፍ ትችላለች፤ ስንቱን ጸሐፊ ከጉድ አውጥታለች። ያን ቀን ግን እንደዚያ አልፋቀችም። አራቱን ቃል ስትፍቅ እንባዋ እንዳይንጠባጠብበት ፊቷን ወደ ጎን አዙራ፣ በጣቷ እየዳሠሠች ነው የጨረሰችው።

ሐዲስ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። የሳቀ ፊቱን ይዞ ገብቶ ጥራዙን ገለጠ።

«ማን ነው የፋቀው?»

«እኔ።»

«ምነው አምሳል?»

«እናትህ መጥተው ነበር።»

ፊቱ ገረጣ። ከዚያ እልህ ያዘው፤ የቀለም ቀንዱን አወጣ።

«የሚሉትን አውቀዋለሁ። ሲነግሩኝ ነው የኖርሁ። እንደገና እጽፈዋለሁ።»

«አትችልም» አለችው። «ወደ ብርሃን ያዘው።»

ቅጠሉን ወደ ፀሐይ አነሣው። የተፋቀው ቦታ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቶ፣ ከጀርባው ያለው የወንጌል ቃል ወለል ብሎ ይታያል። አንዲት ጠብታ ቀለም ቢያርፍበት አልፎ የዮሐንስን መጨረሻ ያጠፋዋል።

«እጅሽ ስቶ ነው?»

«እጄ አይስትም፤ ታውቃለህ።»

«ሆን ብለሽ ነዋ።»

«ሆን ብዬ ነው። ላዩን ብፍቀው ኖሮ ትጽፈዋለህ፤ እኔም ዝም እልሃለሁ። እወድሃለሁና ዝም እላለሁ። ከዚያ በኋላ እናትህ እንቅልፍ ባጡ ቁጥር እኔም ነቅቼ አድራለሁ።»

ሐዲስ አለቀሰ። አላባበለችውም፤ እጇን ብትዘረጋ እንደማትመልሰው ታውቅ ነበር። በመጨረሻ ክሩን አንሥቶ ያዘላት፤ እሷ ሰፋች። እሑድ መምህር ወልደ ዮሐንስ መጽሐፉን ገልብጠው አዩና «የመጨረሻዋ ቅጠል ሳስታለች» አሉ። «የቆዳው ነገር ነው» አሉ አያ ክንዱ። በዚያው ሐዲስ ወደ አገሩ ሄደ።

ሦስት ዓመት አለፈ። አያ ክንዱ አረፉ። አምሳል ብቻዋን ትፍቃለች፤ ቤቱ ጭር ብሏል፤ አንዳንዴ ለቆዳው ታወራለታለች። አንድ ቅዳሜ ገበያ ላይ ቆዳ ስትመርጥ ባንቺአየሁ የምትባል የዛሪማ ማር ነጋዴ ፈልጋ አገኘቻት።

«እማሆይ እናኑ መልእክት ሰደውልሻል» አለቻት።

አምሳል የያዘችውን ቆዳ አስቀመጠች።

«ልጄ ቀስሷል፤ የወንድሞቹን ፍትሐት በገዛ አፉ አደረሰልኝ በያት አሉ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ሚስቱስ ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት፤ ጨዋ ልጅ ናት።» ነጋዴዋ ዙሪያዋን አየች። «ደግሞ ሌላ አለ። እኔ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ እሳቸው እንዳሉት ነው የምነግርሽ። ያን ቀን ስታነብልኝ ጣቷ ቆመ፤ ዓይኗ ግን አልቆመም፤ ወደፊት ሄዶ ተመለሰ። የቀረ ነገር እንዳለ አይቼ፣ እንዳላየሁ ሆኜ ወጣሁ። ይቅር ትበለኝ አሉ።»

አምሳል ገበያው መካከል፣ ሰው እያያት፣ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳትስብ አለቀሰች።

«ምን ልበላቸው?» አለች ባንቺአየሁ ግራ ገብቷት።

«ይቅር ብያለሁ በያቸው» አለች አምሳል። «ያየልኝ ሰው መኖሩን አላውቅም ነበር በያቸው።»