የጎማ መዶሻ

«ማን ይውጣልሽ?» አሉ መምህሯ ሚስ ዋንጂሩ።

ማዕዶት መልሱን ከሰኞ ጀምሮ ይዛው ነበር። የምታማርጥ ለመምሰል ብላ ግን ዓይኗን ክፍሉ ላይ አዟዟረች። ከዚያ በግራ እጇ በያዘችው የጎማ መዶሻ ወደ መስኮቱ ጥግ ጠቆመች።

«ጌጤ ትውጣ።»

ጌጤ ቀና አለች። በሰው አገር፣ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ባለው በዚህ ትምህርት ቤት፣ ከክፍላቸው አማርኛ የሚችሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። እስከ ግንቦት ድረስ አንድ ዴስክ ላይ ነበር የሚቀመጡት። አሁን ጌጤ ተነሥታ የሹራቧን እጅጌ እየጠቀለለች ስትመጣ ማዕዶት ፊቷን አላየችም። ያየችው ክርኗን ነበር።

ያጋጫቸው ጉዳይ የተጀመረው ኪሊማኒ ሰፈር፣ ቸርቻቸው በተከራየው አዳራሽ ውስጥ ነው። የመዝሙር መሪው ቶሎሳ ለሐምሌው የወጣቶች ኮንፈረንስ ኪቦርድ የምትጫወተው ማዕዶት መሆኗን በተናገረ ቀን ጌጤ ተናዳ ወጣች። ማዕዶት «ቆይ እንጂ፣ ጌጤ» እያለች ተከተለቻት። ጌጤ ዞር ብላ አየቻትና የብረቱን በር ባላት ኃይል ዘጋችው። የማዕዶት ቀኝ ክርን በሩና መቃኑ መሀል ነበር።

ትልልቆቹ ሲደርሱ ጌጤ እያለቀሰች ነበር። «ሮጣ ስትወጣ አዳልጧት በሩ ላይ ወደቀች» አለች። ማዕዶት በሕመሙ ብዛት መናገር አልቻለችም። ቤት ገብታ እውነቱን ስትናገር እናቷ እታገኘሁ ተቆጧት።

«ልጅቷ እኮ ካንቺ ብሳ ስታለቅስልሽ ነበር። ስንቴ ነው አትሩጪ ያልኩሽ? አሁን ደግሞ በሰው ማላከክ ጀመርሽ?»

በማግስቱ ጌጤ «ሶሪ ማዕዱ፣ ቶሎ ይሻልሽ» የሚል መልእክት ከቀይ ልብ ጋር ላከችላት። በሳምንቱ ኪቦርዱ ጋ የተቀመጠችው እሷ ነበረች።

የማዕዶት ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣቷ ደነዘዙ። በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል ያለው ሥጋ እየጎደጎደ ሄደ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ጎድጓዳውን ጫን ጫን እያደረገ አየላት።

«ጡንቻሽ ራሱ አልተጎዳም» አላት። «ትእዛዝ የሚያመጣለት ነርቭ ስለተጎዳ ነው የሚከሳው። ሥራ የፈታ ጡንቻ ይከሳል።»

«ነርቩ አይድንም?»

«ይበቅላል። ግን በቀን አንድ ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ከክርንሽ እስከ መዳፍሽ ድረስ አስቢው።»

አሰበችው። ኮንፈረንሱ ያልፋል፣ ገናም ያልፋል።

ነርቩ የተመታበትን ቦታ እንዲያሳያት ጠየቀችው። ከክርኗ ኋላ፣ ወደ ውስጥ በኩል፣ በሁለት አጥንቶች መካከል ያለች ትንሽ ቦይ ነበረች። «እዚህ ጋ የሚሸፍነው ጡንቻ የለም» አላት። «ከቆዳው ሥር ነው የሚያልፈው።» ማዕዶት ቦታውን በጣቷ ደጋግማ ዳሰሰችው። እሱ ስለ ራሷ እጅ የምታስብ መስሎት ነበር።

ሰኞ ዕለት ሚስ ዋንጂሩ ስለ ሪፍሌክስ የሚያሳይ ሰው ሲጠይቁ እጇን ያወጣችው ለዚህ ነው። ሳምንቱን ሙሉ በግራ እጇ የእንጨት ማንኪያ ይዛ የሶፋውን ክንድ ስትመታ ሰነበተች። መጀመሪያ ትስት ነበር። ኋላ ላይ ግን ያሰበችውን የጨርቁን አበባ መምታት ቻለች።

«ሁላችሁም እዩ» አሉ ሚስ ዋንጂሩ። «መዶሻው ከክርን ከፍ ብሎ ያለውን ጅማት ሲመታው ጡንቻው ይለጠጣል። የስሜት ነርቩ ወሬውን ወደ ኅብለ ሰረሰር ያደርሳል። ከዚያ አንቀሳቃሽ ነርቩ ትእዛዝ ይዞ ይመለሳል፣ ጡንቻውም ይኮማተራል። አንጎል አልተጠየቀም። እሱ የሚሰማው ዘግይቶ ነው።»

ማዕዶት የጌጤን ክንድ በቀኝ ክንዷ ላይ አሳረፈችው። እንደ ዱላ ደርቆ ነበር።

«ልቀቂው፣ ጌጤ» አሉ መምህሯ። «ጡንቻው ከተገተረ አይመልስም። ሳዋ? እሺ?»

ጌጤ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ በአማርኛ «ማዕዱ፣ ቀስ በይ እሺ» አለች። «እሑድ ኮንፈረንሱ ነው።»

ማዕዶት ጥርሷን ነከሰች። በእነዚህ ሁለት ወራት ውስጥ ጌጤ ፊት ለፊት ስለ እጅ ስታወራ ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ እሱም ስለ ራሷ እጅ።

የመጀመሪያውን ምት በትክክለኛው ቦታ፣ ጅማቱ ላይ አሳረፈችው። የጌጤ ክንድ ከታች ወደ ፊት ፈንጠር አለ። ክፍሉ ሳቀ። ጌጤም ሳቀች፣ ትከሻዋም ለቀቅ አለ።

«አንዴ ድገሚው፤ ከኋላ ያሉት አላዩም።»

ማዕዶት ደገመችው። በዚህኛው ጊዜ መዶሻው ወደ ውስጥ በኩል፣ ቦይዋ ላይ አረፈ።

ጌጤ ጮኸች። እጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ ጎንበስ አለች። ከዚያ ቀና ብላ ጣቶቿን አንድ በአንድ አውራ ጣቷ ላይ ማስነካት ጀመረች። ትንሿ ጣት ግን አልታዘዝ አለቻት። ፊቷ አመድ መሰለ። ማዕዶት ደስ አላት። እያንዳንዷን ሙከራ ዓይኗን ሳትነቅል አየች።

ሚስ ዋንጂሩ ጌጤን ወንበር ላይ አስቀምጠው ክንዷን ማሸት ጀመሩ። «ፖሌ፣ ፖሌ ሳና፤ አይዞሽ። ነርቩን ነክቶት ነው፤ ከደቂቃዎች በኋላ ይተውሻል።» እውነታቸውን ነበር። የጌጤ ትንሽ ጣት ቀስ በቀስ እየታዘዘች መጣች። ከዚያ ወደ ማዕዶት ዞሩ። «አንቺም አትደንግጪ፣ ልጄ። ግራ እጅሽ ነው፣ አልለመድሽበትም። አመለጠሽ አይደል?»

ክፍሉ በሙሉ አዘነላት። የሚጠበቅባት ራሷን መነቅነቅ ብቻ ነበር።

ጌጤ በእንባ በሞላ ዓይኗ አየቻት። አውቃለች። ግን ሆን ብላ ነው የመታችኝ ካለች «ለምን?» የሚለው ይከተላል። ማዕዶት ራሷን ብትነቀንቅ ነገሩ እዚሁ ያበቃል። እሑድ ጌጤ ትጫወታለች። በሩን የዘጋው ማን እንደሆነ ከዚህ በኋላ የሚጠይቅ አይኖርም።

ማዕዶት መዶሻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አላመለጠኝም፣ ሚስ» አለች። «ሆን ብዬ ነው።»

የሚስ ዋንጂሩ እጅ የጌጤ ክንድ ላይ እንዳለ ቆመ። «ምን አልሽ?»

«ሆን ብዬ ነው የመታኋት። የሚመጣውን ቅጣት እቀበላለሁ። ለምን እንደመታኋት ግን እሷ ትንገርዎት።»

መምህሯ ወደ ጌጤ ዞሩ።

«ማዕዱ፣ ተይ» አለች ጌጤ በአማርኛ።

ማዕዶት ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠችና ጌጤ እስክትናገር መጠበቅ ጀመረች።