ያረገዘው ካብ

«አያቴ፣ ሆዱ ወጥቷል!»

ኦርዬታ እጇን ካቡ ላይ እንዳሳረፈች ጮኸች። የወይኑን እርከን ደግፎ የያዘው የድንጋይ ካብ ትናንት ቀጥ ብሎ የቆመ ነበር። ዛሬ መሃሉ አብጦ ወደ ውጭ ተገፍቷል። በመንደሩ እንዲህ ያለውን ካብ «አርግዟል» ይሉታል። ያረገዘ ካብ ዝናብ ሲያገኘው ይወልዳል፤ የሚወልደው ደግሞ ጭቃና ናዳ ነው።

አያቷ ባቺቻ ከምድር ቤቱ ደጃፍ፣ ወንበራቸው ላይ እንዳሉ አንገታቸውን አሰገጉ። ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ኑሯቸው ከአልጋ ወንበር፣ ከወንበር አልጋ ነው። ባሕሩን የሚያየው የፎቅ ክፍላቸው ለእንግዶች ተከራይቶ፣ እሳቸው የወይን በርሜል ጎን ይተኛሉ። ካቡ የቆመው ከራስጌያቸው በላይ ነው።

«ሥሩን እዪው እስቲ። ሽብልቆቹ አሉ?»

አልነበሩም። በትልልቆቹ ድንጋዮች መሃል የሚሰኩት ጠፍጣፋ ሽብልቆች ተነቅለው ካቡ ጥርሱ የረገፈ ድድ መስሏል። ኦርዬታ የት እንደሄዱ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ከእግር መንገዱ ማዶ፣ ባሕሩ ቁልጭ ብሎ ከሚታይበት ጉብታ ላይ ተደርድረው ቆመዋል፦ አንድ ትንሽ ማማ፣ ደግሞ ሌላ፣ ደግሞ ሌላ። ከሚላኖ የመጡት እንግዶች ልጅ ጂኔቭራ ጠዋት ስትክባቸው ኦርዬታ በዚያ አልፋለች። አይታ ፈገግ ብላላት አልፋለች። ልጅቷ ከማማዎቹ ጎን ፎቶ ተነስታ «ሰላሜን አገኘሁ» ብላ ኢንተርኔት ላይ ለጥፋዋለች። የሰው ቤት መሠረት ነቅሎ ሰላም!

ኦርዬታ አባቷ ጋ ደወለች። ሬሞ ወደቡ ላይ ካለ ምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ነው፤ ከድምፁ ኋላ መጥበሻ ይንኳኳል።

«አባዬ፣ ካቡ አርግዟል። የእንግዶቹ ልጅ ሽብልቆቹን ነቅላቸዋለች።»

«ነገ በጠዋት እሠራዋለሁ።»

«ዝናቡ እኮ ዛሬ ነው!»

«ስሚኝ። ያለፉት እንግዶች ‹ሽማግሌው ጮኹብን› ብለው የጻፉትን ረሳሽው? አንድ ክፉ አስተያየት ከተደገመ ቤታችንን ከኪራይ ድረ ገጹ ያወጡታል። ከዚያ ጓዛችንን ጠቅልለን ወደ ከተማ፣ ወደ ላ ስፔዚያ ነው። አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ። ፈገግ በይ።»

ዘጋው።

ፈገግ በይ! በዚህ መንደር ዳቦ ጋጋሪው ፈገግ ይላል፣ ጀልባ ነጂው ፈገግ ይላል፣ ቄሱ ሳይቀሩ ፈገግ ይላሉ። የማይስቀው ድንጋዩ ብቻ ነው።

«አያቴ፣ ወደ ላይ ላውጣዎት።»

«ማን ተሸክሞኝ? አንቺ? አንቺን እኮ ነፋስ ነው የሚሸከምሽ» አሉ ሽማግሌው። ዓይናቸው ግን ከካቡ አልተነሳም።

የጎረቤቶቹን በር አንኳኳች። አንዱን ቤት ጣሊያንኛ የማይሰሙ እንግዶች ከፈቱላት። በሌሎቹ በሮች ላይ ለተከራይ የሚተው የቁልፍ ሳጥን ተንጠልጥሏል፤ ውስጥ ሰው የለም። ካብ መካብ የሚያውቁት ሁሉ ወደብ ወርደው ሰሃን ያመላልሳሉ።

ጓንቷን አጥልቃ፣ ባልዲና መፈልቀቂያ ብረት ይዛ ማማዎቹን አፈረሰች። ሽብልቆቹን ተሸክማ መጣችና አንዱን ቀዳዳው ውስጥ ልትሰካ ታገለች። አልገባም። ትልቁ ድንጋይ ወርዶ ቦታውን ዘግቶታል። ይህ የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ አንዱ ትልቁን በብረት ፈልቅቆ ሲያነሳ ሌላው ይሰካል። ብቻዋን ብረቱን በደረቷ ተጭና ሽብልቁን በእጇ ልትገፋ ሞከረች። ብረቱ ተንሸራቶ ክርኗን ላጠው። ከካቡ ውስጥ አሸዋ እንደ ውኃ ተንፏፏ።

«ተይው ልጄ» አሉ ባቺቻ በቀስታ። አያቷ «ተይው» ሲሉ ሰምታ አታውቅም።

ባሕሩ ጠቁሯል። የመጀመሪያዋ ጠብታ ግንባሯ ላይ አረፈች።

ኦርዬታ ደረጃውን በሩጫ ወጥታ የእንግዶቹን በር ደበደበችው። ጂኔቭራ ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ከፈተች።

«ዋይፋዩ ሄደ እንዴ?»

የለመደባት ፈገግታ ወደ ኦርዬታ ፊት መጣ። መልሳ ዋጠችው።

«ጫማሽን አድርጊ።»

«ምን?»

«ማማ የሠራሽባቸውን ድንጋዮች ከካባችን ሥር ነው የነቀልሽው። ካቡ ሊናድ ነው። ከሥሩ አያቴ አሉ።»

«ሙድ እየያዝሽብኝ ነው አይደል? ድንጋይ እኮ ነው! ተራራው በሙሉ ድንጋይ ነው።»

«ተራራው በሙሉ በሰው እጅ የተካበ ነው! የነቀልሽውን አንቺው ትመልሺዋለሽ። ብቻዬን አልቻልኩም።»

«ጂኔ፣ ማናት የምትጮኸው?» የእናቷ ድምፅ ከውስጥ መጣ። «ለእረፍት መጥተን ደግሞ ቁጣ? ይሄን እጽፈዋለሁ!»

«ይጻፉ ሲኞራ» አለች ኦርዬታ።

ኪሷ ውስጥ ስልኳ ጮኸ። አባቷ ነው። አላነሳችውም። አንዱን ጓንት አውልቃ፣ ከነጭቃው፣ ለጂኔቭራ ዘረጋችላት። ጂኔቭራ የተላጠውን ክርን አየች፤ ከዚያ በኦርዬታ ትከሻ ላይ አሻግራ፣ ታች፣ ደጃፍ ላይ ዝናብ እየመታቸው ካቡን የሚጠብቁትን ሽማግሌ አየች።

ስልኩ አሁንም ይጮሃል።

«የየትኛው እጅ ነው?» አለች ጂኔቭራ።

«የቀኙ።»